የዌልደን ጣራ

ዌልደን ኦስቢን የሚፈልግ ሰው በር አያንኳኳም። ቀና ብሎ ጣራውን ያያል። ሰውዬው ሰባ ዓመት አልፎታል፤ ሆኖም በዚያ በሚያንሸራትት ጣራ ላይ፣ በአንድ እጁ ቀዳዳ የሚደፍንበት የሲሊኮን ቱቦ፣ በሌላው ጨርቅ ይዞ በጉልበቱ ሲድህ ታገኙታላችሁ። ዝናቡ ጋብ ሲል ይወጣል፤ ሲጀምር ይወርዳል። እዚህ ኦሪገን የባሕሩ ዳርቻ ላይ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ዝናቡ ጋብ የሚለው ትንፋሽ ለመሰብሰብ ያህል ብቻ ነው።

እኔ ማርቫ እባላለሁ። ዕድሜዬን የተማሪዎች አውቶብስ ስነዳ ነው የጨረስኩት። ጡረታ እንደወጣሁ ባሌ ሞተ፣ ቤቱ ሰፋኝ፤ ሸጬው በመኪና የሚጎተት ቤት ገዛሁና ተጎታች ቤቶች ወደሚቆሙበት ወደዚህ ግቢ መጣሁ። ለአንድ ክረምት ነበር ያልኩት። እዚህ ያለነው ሁላችንም ለአንድ ክረምት ብለን ነው የመጣነው። ጎማዎቻችን ሣር ውጧቸዋል፤ የአንዳንዶቻችን ላይማ እንጉዳይ በቅሏል። ግን ጠይቁን፣ በጸደይ እንሄዳለን እንላለን።

ዌልደንና ሚስቱ አርዲስም ያው እንደኛ ናቸው። እሱ የሚሠራበት የእንጨት መሰንጠቂያ ሲዘጋ ቤታቸውን ሸጡና ያቺን ነጭ ተጎታች ቤት ከመኪናቸው ኋላ አስረው አገር ሊያዩ ወጡ። ውሸት አልናገርም፣ አይተዋል፤ በረሃውንም ተራራውንም ዞረውታል። ከዚያ የአርዲስ ሳንባ አስቸገራትና ለሐኪም ቅርብ እንሁን ብለው መጥተው ከእኔ ጎን ቆሙ። በሁለታችን ቤት መካከል ያለው ክፍተት አንድ ሰው ጎኑን አዙሮ የሚያልፍበት ነው። እነሱ ጋ ያስነጠሰ ሰው ይማርህ የሚባለው ከእኔ አልጋ ነው።

ስለዚህ የአርዲስን ሳል ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። የመጀመሪያው ክረምት ላይ ጠዋት ጠዋት ነበር። ቀጥሎ ማታ ማታ ሆነ። ቆይቶ ሌሊቱን ሙሉ ሆነና ትራስ ደራርባ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ቁጭ ብላ ታድር ጀመር። ጠዋት «እንዴት አደርሽ?» ስላት «ቁጭ ብዬ» ትለኝና እሷው ትስቃለች። የእኔ አንጀት ግን አይስቅም። ባሏ ጣራ ላይ ነው፣ እሷ ከሥሩ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። «ዌልደን፣ ውረድና ሾርባህን ብላ» ትለዋለች። «አንዲት ቀዳዳ ብቻ ቀረችኝ» ይላታል። ያቺ አንዲት ቀዳዳ ሦስት ክረምት ጨረሰች።

ጠብታው የሚወርደው ከአልጋቸው ራስጌ ነው፣ ጣራው ከግድግዳው ጋር የሚገጥምበት ጥግ ላይ። ዌልደን ያንን ጥግ ያልቀባው ነገር የለም። ሲሊኮን ቀባው፣ ሬንጅ ቀባው፣ ብርማ ቴፕ ለጠፈበት። ከላዩ ላይ ሸራ አለበሰና በገመድ ወጠረው። ከውስጥ ደግሞ መስኮቶቹን በላስቲክ ለበጠ፣ የጣራውን የአየር ማስወጫ ጨርቅ ጎስጉሶ ደፈነ፣ በሩ ሥር ፎጣ አነጠፈ። በክረምት ሁላችንም እንዲህ እናደርጋለን፤ ግድግዳችን ቀጭን ነው፣ ሙቀት እንዳያመልጥ ቀዳዳ ሁሉ ይደፈናል። እሱ ግን አበዛው። የግቢው ኃላፊ ሬይመንድ አንድ ቀን እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሞ ሲያየው ቆየና፣

«ዌልደን፣ መርከብ ነው እንዴ የምትሠራው? እንስሳቱን መቼ ነው የምትጭነው?» አለው።

«ስጭን አንተን እንደምተውህ ብቻ እወቅ» አለው ዌልደን ከላይ ሆኖ።

ኅዳር ላይ አንድ ማለዳ የአርዲስ ከንፈር ሰማያዊ ሆነና አምቡላንስ መጥቶ ወሰዳት። የሳንባ ምች ነው አሉ። ተረፈች። ከሆስፒታል ቀጥሎ ጉልበት እስክታገኝ ብለው ከተማው ዳር ወዳለ የአረጋውያን መንከባከቢያ አዛወሯት። ዌልደን በየቀኑ ይጠይቃታል፤ ለገና ቤቷ ትገባለች ብሎ በራሱ ወስኗል። ደግሞ ለሁሉም ያወራል። የገና ዛፍ የሚያህል ቦታ በሌለበት ቤት የገና ዛፍ ገዛ።

ከመንከባከቢያው አንዲት ሴት አርዲስ የምትመለስበትን ቤት ልታይ መጣች። ኮሊን ትባላለች፤ ገና ወጣት ናት፣ ሥርዓት ያላት። በር ላይ ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ ስትል፣ «ተይው የኔ ልጅ፣ ወለሉ ከጫማሽ ይብሳል» አልኳት። ገባችና ወዲያና ወዲህ አየች። አፍንጫዋ ሲሠራ አየሁት።

«ሚስተር ኦስቢ፣ ይህን ፍራሽ ከግድግዳው ትንሽ ሊያርቁልኝ ይችላሉ?»

አራቀው። ከፍራሹ ጀርባ ግድግዳው ጥቁር ነበር። እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ያለበት ማለቴ አይደለም፤ ከአርዲስ ትራስ እስከ ወለሉ ጥላሸት የተቀባ ይመስል ነበር። ሽታው ድንች በስብሶ የቀረበት ጆንያ ሽታ ነው። ፍራሹም በዚያ በኩል ሻግቶ ጸጉር አብቅሏል። የዌልደንን ፊት ማየት አልቻልኩም፣ ዞር አልኩ።

«ጣራው ነው» አላት። «ጣራው ያፈሳል፣ አውቀዋለሁ። እደፍነዋለሁ።»

«እውነቱን ልንገርዎት» አለች ኮሊን ቀስ ብላ። «ይህ ባለበት ክፍል ውስጥ ባለቤትዎ እንዲተኙ ሐኪሙ አይፈቅድም። ግድግዳው ወጥቶ፣ አዲስ ተሠርቶ፣ ደርቆ ካየሁት ግን ይመለሱ ብዬ የምፈርመው እኔ ነኝ። ካልሆነ እዚያው የሚቆዩበትን መንገድ ነው የምንፈልገው።»

«እዚያው ስትዪ እስከ መቼ?»

«ከዚህ በኋላ እዚያው ይኑሩ ማለቴ ነው።»

ኮሊን ስትሄድ ዌልደን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ሰማሻት ማርቫ? ሚስቴን ሊያስቀሩብኝ ነው። አርዲስ እኮ ቤቷን ትናፍቃለች፣ እዚያ ከማያውቋት ሰዎች ጋር በአንድ ቀን ነው የምትሞትብኝ።» አፌ ላይ የመጣው ነገር ሌላ ነበር፤ እዚህስ ምን ስትሆን ነበር ልለው ነበር። ዋጥኩት። ቆሽቱ ለደበነ ሰው ከዚያ በላይ አይጨመርም።

በማግስቱ ግድግዳውን ማፍረስ ጀመርን። እኔ አፍንጫዬን በመሐረብ ሸብቤ በባልዲ በረኪና ይዤ፣ እሱ ካቻቪቴውን ይዞ። ካቻቪቴው አላስፈለገም። ኮምፔንሳቶው በጣት ነው የወጣው፤ እንጨቱ ሾርባ ውስጥ ገብቶ የተረሳ ዳቦ ሆኗል። ከጀርባው ያለውን የሙቀት መያዣ ጥጥ ስጨምቀው ውሃ ጠብ ጠብ አለ።

«በዚህ በኩል የሚተኛው ማነው?» አልኩት።

«እሷ ናት። በሩ በኩል ያለው ይበርዳል ብዬ ወደ ውስጥ አደረግኳት።»

የጨመቅኩትን ጥጥ ከእጄ ተቀብሎ ወደ ደጅ ወረወረው።

አዲስ እንጨት አስገባ፣ አዲስ ጥጥ፣ አዲስ ኮምፔንሳቶ፤ አዲስ ፍራሽ ገዛና ከነላስቲኩ አስቀመጠው። የጣራውን ሬንጅ ፍቆ አንሥቶ እንደገና ቀባ። እኔ መሰላል ስይዝ እጄ ደንዝዞ ማንኪያ መያዝ አቃተኝ። ለሰው ልጅ አዝናለሁ፣ ግን ለመናገር ያህል፣ ያን ሰሞን ዌልደንን ከጣራው ገፍትሬ ብጥለው የሚል ሐሳብ አልፎ አልፎ ይመጣብኝ ነበር። አይደክመው፣ አይበርደው፣ አይሰማ። ሁሉንም ጨርሶ ቤቱን መልሶ ከላይ በሸራ ከውስጥ በላስቲክ ጠቀለለው።

ገና ሲቃረብ ዝናቡ ቆመ። ከምሥራቅ ደረቅ ነፋስ መጣ፣ ሰማዩ ጠራ፣ ሣሩ አመዳይ ለበሰ፣ ቧንቧዎቻችን በረዶ ሆኑ። ዌልደን በደስታ ላይ ታች አለ። ግድግዳው ቶሎ እንዲደርቅለት የጋዝ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈተ፤ ከግቢው መታጠቢያ ቤት በባልዲ ውሃ እያመጣ ሾርባውን ጣደ፣ ሸሚዞቹን አጥቦ ለጉብኝት ቀን ይደርሱልኛል ብሎ እዚያው ውስጥ ገመድ ላይ ሰቀለ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጠዋት በሬን መታ። ኮት እንኳ አልለበሰም።

«ነዪ እስቲ። ዐይኔ ነው ወይስ እውነት ነው?»

ገባሁ። መነጽሬ ወዲያው ጉም ለበሰና ምንም አላይ አልኩ። አውልቄ በሹራቤ ጠረግኩና መልሼ አደረግኩት፤ መልሶ ጉም ለበሰ። በዳበሳ ሄጄ ግድግዳውን በመዳፌ ነካሁት። አዲሱ ግድግዳ ርሷል። ጥጉ ላይ ጠብታዎች ተሰልፈው ነበር፤ አንዷ በአዲሱ ፍራሽ ላስቲክ ላይ ጠብ ስትል ሰማኋት።

«ያፈሳል» አለ ዌልደን። ድምፁ የእሱ አልመስል አለኝ። «አሁንም ያፈሳል። መሰላሉን ያዢልኝ።»

«ምን ልታደርግ?»

«ጣራውን ላየው ነዋ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ውጪውን ተመልከት። ዝናብ አለ?»

«የለም።»

«ትናንትስ ነበር?»

«አልነበረም።»

«ታዲያ ጣራህ ከየት አምጥቶ ነው የሚያፈሰው?»

ተቆጥቼ ነው ያልኩት፤ ብርዱም፣ መሰላሉም፣ የእሱም ግትርነት ተደማምሮብኝ ነበር። ቧንቧ ነው እንዳይል ቧንቧው በረዶ ነው። ዌልደን ዞር ብሎ ማሞቂያውን አየ። የሚፈላውን ሾርባ አየ። ገመዱ ላይ ያሉትን ሸሚዞች አየ። ወደ መስኮቱ ሄዶ ላስቲኩን በጣቱ ነካ ሲያደርገው ከጀርባው የተጠራቀመው ውሃ ተንዠቅዥቆ ወረደ። ላስቲኩን ገነጠለና ብርጭቆው ላይ ተነፈሰበት። ጉም ሆነ። ጉሙን በአውራ ጣቱ ጠረገና ጣቱን አየው።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑ ነው አንተ?»

«ውሃው። ከውጭ አይደለም የሚገባው። ጋዙ ሲነድ ውሃ ያወጣል፣ ስንተነፍስ ውሃ ነው፣ ስንቀቅል ውሃ ነው። መውጫውን ሁሉ ደፈንኩበት። የት ይሂድ? ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲያገኝ እዚያ ያርፋል። ጣራው ያፈሰሰው በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ነው ማርቫ፤ ያንን ደግሞ ያኔውኑ ደፍኜዋለሁ።»

ማሞቂያውን አጠፋ። ከዚያ ፍራሹ ላይ ቁጭ አለና ላስቲኩ ሲንኮሻኮሽ ቆየ።

«ማታ ማታ ለደረቷ ውሃ አፈላላት ነበር» አለኝ።

ያንን አውቃለሁ፤ የድስቱ ክዳን ሲንቀጫቀጭ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር። ከራት በኋላ ትልቁን ድስት ይጥድና ሜንቶል ጨምሮበት፣ ፎጣ ራሷ ላይ አድርጎ ያጥናታል። እናቱ ለእሱ፣ እናቴም ለእኔ እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ እዚህ አገር ሳል የያዘው ሁሉ በእንፋሎት ይታጠናል። ሳሏ ሲብስ አንዱን ድስት ሁለት አደረገው። ይበልጥ ሲብስ ሌሊቱንም እንፋሎት አይቋረጥባት ብሎ ማሞቂያው ላይ ጥዶት ያድር ጀመር።

«ስንት ድስት ውሃ ነው?» አለኝ። «በእጄ እኮ ነው ማርቫ። በየማታው በእጄ ፎጣ እያለበስኩ።»

ምን ይባላል? ልታድናት ብለህ ነው ብለው ያንን እሱም ያውቀዋል። ማባባል ደግሞ አልችልበትም።

«ተነሥና መስኮቱን እንክፈት» አልኩት።

ሁሉንም ከፈትነው። ላስቲኩን ከየመስኮቱ ገነጠልን፣ ከአየር ማስወጫው ጨርቁን መዘዝን፣ ሸራውን በቢላ ቆርጠን ጣልነው። ድስቱን እኔ ወደ ቤቴ ወሰድኩት። ሬይመንድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያና ፋን አዋሰን፤ ቀኑን ሙሉ ፋኑ ያንን እርጥብ አየር ወደ ውጭ ሲተፋ ይውላል። ዌልደን ኮቱንና ኮፍያውን ሳያወልቅ፣ ጓንት አድርጎ፣ ክፍት ቤት ውስጥ ያድራል። ግቢው ሁሉ አበደ አለ። ሬይመንድ እንኳ መቀለዱን ትቶ «ሰውዬው በብርድ ሞቶ እንዳላገኘው» ብሎ ጠዋት ጠዋት በመስኮት አንገቱን ያስገባ ነበር። ግድግዳው ግን ደረቀ። ዝናቡ ተመልሶ ሲመጣም ደረቅ እንደሆነ ቀረ፤ ጣራው አንዲት ጠብታ አላሳለፈም።

ኮሊን የገና ዋዜማ ዕለት መጣች። ግድግዳውን በእጇ ዳበሰች፣ ፍራሹን አንሥታ አየች፣ ወለሉ ላይ ተንበርክካ አሸተተች። «በጣም ጥሩ ሥራ ነው» አለችና ፈረመች። ዌልደን እጇን ጨብጦ አልለቅም አለ።

የእሱ መኪና በብርዱ ምክንያት አልነሣ ስላለ የነዳሁት እኔ ነኝ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ ጸጉሩን በውሃ አስተኝቷል። እጁን በቤንዚን ሲፈትግ ቢያረፍድም ሬንጁ ከጥፍሩ ሥር አልወጣም። የአርዲስን ወፍራም ኮት እኔ ነበርኩ የያዝኩት።

አርዲስ መስኮቱ አጠገብ ካለው አልጋ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ጉንጯ ሞልቷል፣ ከንፈሯ የሰው ከንፈር ሆኗል። ዌልደን ኮፍያውን በእጁ እያሸ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገራት፤ ግድግዳውን፣ ፍራሹን፣ የኮሊንን ፊርማ። ቀጥሎ የድስቱን ነገር ነገራት። ከዚያ በላይ የከበደው ነገር አይቼ አላውቅም። ዐይኑን ጫማው ላይ ተክሎ «ያሳመምኩሽ እኔ ነኝ» አላት።

እጁን ያዘችው። «ፎጣውን ስታለብሰኝ ትንፋሼ እጥር ይልብኝ ነበር» አለችው።

«ታዲያ ለምን ተው አላልሺኝም?»

«ቀኑን ሙሉ ጣራ ላይ ነህ። አጠገቤ የምትቀመጠው ፎጣውን ስትይዝልኝ ብቻ ነበር። እሱንም ልጣ?»

እኔ ከዚያ ክፍል የምወጣበትን ሰበብ ስፈልግ ነበር፤ ግን ኮቱ እጄ ላይ ነው፣ የት ላድርገው።

«ከእንግዲህ ጣራም ድስትም የለም» አላት ዌልደን። «ኮትሽን ልበሺና እንሂድ። ማርቫ መኪናውን አሙቃዋለች።»

አርዲስ አልተነሣችም።

«ዌልደን፣ እኔ አልመጣም።»

«ዛሬ ከደከመሽ ነገ...»

«ነገም። በጸደይም። ኮሊን ፈርማ ስትመለስ፣ እዚሁ ልኑር ብዬ ለምኛታለሁ።»

«ግድግዳውን አዲስ አድርጌዋለሁ እኮ» አለ። አባቱ የከለከለው ልጅ እንደሚለው ነው ያለው።

«አውቃለሁ። እጅህን አይቼዋለሁ። ግን እዚህ ተጋድሜ ነው የምተኛው፣ ዌልደን። እንደ ሰው፣ ጀርባዬን ዘርግቼ። እንቅልፍ እንዲህ መሆኑን ረስቼው ነበር። አንተ ደረቀ ትለኛለህ፣ እኔም አምንሃለሁ። ሆኖም እዚያ ገብቼ ያንን ግድግዳ ሳየው እንደገና የምታፈን ይመስለኛል። እፈራለሁ። አትቆጣኝ።»

አልተቆጣም። ቆሞ ቀረ። ወንበር ላቀርብለት ስል በእጁ ከለከለኝ። ደጅ ዝናቡ መስኮቱን ይመታል፤ አረጋውያኑ በኮሪደሩ የመራመጃ ድጋፋቸውን እየገፉ ያልፋሉ። ቆይቶ፣

«አሳዪኝ እስቲ» አላት።

«ምኑን?»

«ስትተኚ።»

መጀመሪያ የቀለደ መስሏት ፈገግ አለች። ፊቱን ስታይ ተወችው። ከጀርባዋ ያለውን ትራስ አውጥታ ሰጠችው፣ ቀስ ብላ በጎኗ ወረደች፣ በጀርባዋ ተዘረጋች፣ እጆቿን ሆዷ ላይ አደረገች። «እንዲህ ነው» አለችና ዐይኗን ጨፈነች። ለማሳየት ያህል ነበር ያሰበችው መሰለኝ። ግን በየሌሊቱ ቁጭ ብላ ያደረችበት ዘመን ዕዳ ስላለባት እንቅልፉ ወዲያው ወሰዳት። ደረቷ ቀስ ብሎ ከፍ ይላል፣ ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል። የሚያፏጭ ነገር የለም፤ ሳል የለም።

ኮቱን ከበሩ ጀርባ ሰቀልኩት። ዌልደን ወንበሩን ስቦ፣ ትራሷን ጭኑ ላይ እንደያዘ፣ አጠገቧ ተቀመጠ። እያያት አለቀሰ፤ ድምፅ የለውም፣ ዝም ብሎ እንባው ይወርዳል።

ራት የምታድለው ሴት ጋሪዋን እያንኳኳች በሩን ስትከፍት ዌልደን ያንን ሬንጃም ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«ቀስ በዪ» አላት በሹክሹክታ። «ባለቤቴ ተኝታለች።»